በሩ ሲዘጋ ውስጥ የተገኘችው

የከተማችንን ስም አልናገርም። ስም ማወቅ ግማሽ መግባት ነው፤ ቀሪውን ግማሽ የሚጠብቀውን በር የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምለውን አውቃለሁ። ከተማው ኮረብታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሯል፤ በፀሐይ መውጫ በኩል አንድ በር አለው። ይህን ያህል ይበቃችኋል።

በእኛ አገር በር መሥራት ትልቅ ሙያ ነው። የሚማሩት በበር ትምህርት ቤት ሲሆን ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። ተማሪዎቹ ግድግዳ ላይ በተሳለ በር ፊት ተቀምጠው የመቃኑን፣ የማጠፊያውንና የመቀርቀሪያውን ስም በቃላቸው ይወጣሉ፤ ሲመረቁ ነጭ ካባ ይደረብላቸዋል። የሚከፈት በር ነክቶ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። እኔን ያ ትምህርት ቤት ከደጃፉ ነው የመለሰኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «አናውቀውም» አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሰባት ከተማ ዞሬ ከአሥራ ሰባት በር ተመለስኩ። ይህን ያህል ጊዜ የተመለሰ ሰው በር ያውቃል፤ የትኛው ዘበኛ ስም ብቻ ሰምቶ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው በጆሮው የተነገረውን ምስጢር ቃል «ምን አልሽኝ?» ብሎ ለሰልፉ ሁሉ እንደሚያሰማ፣ የትኛው ከተማ ፊት ለፊት የብረት በር አቁሞ በጓሮ የፍየል ማለፊያ እንደተወ ጠንቅቆ ያውቃል። ካባ የለኝም። በር ግን አውቃለሁ።

የከተማችን በር መታመሙ የታወቀው በሐሰተኛው አጎት ነው። በድሮው ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ምስጢር ቃል ነበረው፤ ቃሉን በር ላይ የተናገረ ይገባል። ዘበኞቹ ቃሎቹን እንዳይረሱ ደብተር ላይ ጻፏቸው፤ ደብተሩ እንዳይጠፋ ደግሞ በሩ ላይ በሚስማር ሰቀሉት። አንድ መንገደኛ ጥላ ፈልጎ በሩ ሥር ቆመ፤ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ደስ ያለውን ቃል መርጦ ተናገረና ገባ። የቤተሰቡ አጎት ነኝ አለ፤ ቃሉን አውቋልና ማን ይጠረጥረዋል? ሰባት ወር አጎት ሆኖ ኖረ። ሁለት የተጣሉ ባልና ሚስት አስታረቀ፤ በሦስት ሠርግ ላይ መረቀ። የተጋለጠው እውነተኛው አጎት ከሩቅ አገር መጥቶ ያንኑ ቃል ሲናገር ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። ልባቸው ወደ ሐሰተኛው ቢያደላም፣ ለደንቡ ሲሉ ስንቅ አስይዘውና ጋቢ አልብሰው ሸኙት። አንዳንዶቹ አሁንም ይናፍቁታል።

ነገሩ ሹማምንቱ ዘንድ ደረሰ። ሹማምንቱ ሦስት ናቸው። የጥላ ሹም ማን የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ ይወስናል። የመቀመጫ ሹም ከተቀመጡት ውስጥ ማን እንደሚቀድም ይወስናል። የማኅተም አባት ሁለቱ የወሰኑትን ያትማል፤ ሳይወስኑ ከቀሩም አለመወሰናቸውን ያትማል። አዲስ በር ይሠራ ተባለ። ባለ ካባዎቹ ተጠርተው አራት ዓመት ያስፈልገናል አሉ። እኔ ሳልጠራ ሄጄ አራት ወር ይበቃኛል አልኩ።

«የት ተማርሽ?» አሉኝ የጥላ ሹም።

«ውጪ ቆሜ» አልኳቸው።

ሌላ በቶሎ የሚሠራላቸው ስላልነበረ ሰጡኝ።

ሥራዬን ልናገር፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ደብተሩን አስወርጄ አቃጠልኩት። በምትኩ ገመድ አመጣሁ። ሰው ቃሉን ሲናገር ቋጣሪው ቃሉን በገመድ ላይ ይቋጥረዋል፤ ያው ቃል ሁልጊዜ ያንኑ ቋጠሮ ይሰጣል፤ ቋጠሮውን አይቶ ቃሉን ማወቅ ግን አይቻልም፤ እኔም አልችልም። የየሰዉ ገመድ ከበሩ በስተውስጥ ባለች ክፍል ይሰቀላል። ባለቤቱ መጥቶ ቃሉን ሲናገር አዲሱ ቋጠሮ ከተሰቀለው ጋር ይተያያል፤ ከገጠመ ይገባል። የገባም ሰው ውሃ ለመቅዳት ብሎ በወጣ በገባ ቁጥር ቃሉን እንዳይደጋግም ጠዋት አንድ ለምለም ቅጠል ይሰጠዋል፤ ቅጠሉ እስኪጠወልግ በነፃ ይመላለሳል። በካቡ ላይ የነበሩትን አሥራ አንድ ሽንቁሮች በእጄ ደፈንኩ። በመጨረሻ ድንጋዩን ሠራሁ። ያልታወቀ ሰው፣ አንድም ይሁን የተለያየ፣ «ልግባ» ብሎ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከሳተ፣ ዘበኛው ገመድ ይስባል፤ ከበሩ ጀርባ በሬ የሚያህል ድንጋይ ይወርዳል። እሱን ቆፍሮ ማንሳት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሌባ ሦስት ቀን አይጠብቅም ብዬ ነው።

ሹማምንቱም የበኩላችንን እንጨምር አሉ። የጥላ ሹም ምስጢር ቃሉ ውስጥ አንድ ዛፍ ይኑርበት አሉ። የመቀመጫ ሹም አንድ እንስሳ ይኑርበት፤ እንስሳው ግን የተቀመጠ ይሁን አሉ። የማኅተም አባት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በቀላሉ የሚያስታውሰው ቃል ደካማ ቃል ነው ብለው አተሙ። ምን ልበል? ጻፍኩት።

ዘበኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አያ ስንሻው ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሳቅ የማይቸኩል ሰው ነው። ሌሎቹን ዕጩዎች አንዱን በልመና፣ አንዱን በቁጣ፣ አንዱን በእንባ አለፍኳቸው። ስንሻውን በምንም አላለፍኩትም። ለልምምድ በቆመበት ቀን የገዛ ሚስቱን ምሳ ይዛ ብትመጣ መልሷታል። ምሳውንም መልሶታል። «እናቴ ብትመጣስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «እናትህም ብትሆን» አልኩት። ማለልኝ።

አንድ ነገር ቀረ። በአዲሱ ደንብ ያልተመዘገበ አይገባም፤ እንግዲህ የመጀመሪያውን ሰው ማን ያስመዘግበው? አንድ ሰው አስቀድሞ «አንደኛ» ተብሎ መሰየም ነበረበት። አንደኛው «አውቀዋለሁ» ያለው ይገባል፤ የገባውም የሚያውቀውን ያስገባል፤ እንዲያ እያለ ከተማው ሁሉ ይመዘገባል። የደንቡ ለውጥ ሁሉ በአንደኛው ፈቃድ ይሆናል። ይህን ለሹማምንቱ ሳስረዳ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስት ሳምንት ተሟገቱ። የጥላ ሹም ያለ ጥላ በር የለም አሉ፤ የመቀመጫ ሹም መቅደም የኔ ሥራ ነው አሉ፤ የማኅተም አባት አለመስማማታቸውን አምስት ጊዜ አተሙ። እኔ ሰለቸኝ። ያ መሰልቸት ነው ጥፋቴ። ብዕሬን አንስቼ «በሩ በተመረቀበት ቀን ሲዘጋ ውስጥ የተገኘ ሰው አንደኛ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ፈገግ አሉ። እያንዳንዳቸው ውስጥ ለመቅረት እንዳሰቡ ገባኝ፤ እርስ በርስ ይተያዩ ብዬ ተውኳቸው።

ከምረቃው በፊት ባለው ቀን ትርንጎ ቤቴ መጣች። ትርንጎ ቤቷ ከበሩ ሦስተኛው ነው፤ ዘንቢል ትሰፋለች፤ ባሏ ለንግድ ሩቅ አገር ሄዷል። የሦስት ወር ሴት ልጅ አለቻት። በእኛ ልማድ ስም የሚያወጣው አባት ስለሆነ ልጅቷ ስም አልነበራትም፤ ሚጡ ይሏታል።

«ሚጡን አዝዬ ብወጣስ?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ሊወጣ ነው።»

«ቃል መናገር ትችላለች?»

«ማንጠግቦሽ፣ የሦስት ወር ልጅ ናት።»

«እንግዲያው ከወጣች መመለሻ የላትም። ተኝታ ተያት። ምረቃው አጭር ነው።»

«ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ታውቂያለሽ» ብላ ሄደች።

በምረቃው ቀን ከተማው ሁሉ ነቅሎ ወጣ። በሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሥጋ ተቆርጧል፤ ለሹማምንቱ ከፍ ያለ መድረክ ተሠርቷል። ገመዱን የሚጠብቀው ቋጣሪ ራሱ ሥጋ አለ ሲባል ሰምቶ ወጥቷል። እኩለ ቀን ላይ ከበሮ ተመታ፤ በሩ ተዘጋ፤ ያማረ ድምፅ ነበረው። ድሮ የሚታወቅ ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይታወቅም፤ እንዲያ ነው የጻፍኩት። ቀና ብዬ መድረኩን ሳይ ሦስቱም ሹማምንት በተርታ ተቀምጠዋል።

ጥቂት እንደተበላ የጥላ ሹም ፀሐይ በረታብኝ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

«ልግባ» አሉ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አላቸው ስንሻው።

«ስንሻው፣ ቀልድ ትወዳለህ ልበል? ትናንት አብረን አልነበርንም?»

«ትናንት ነበርን። ቃልዎ?»

«ገና አልተመዘገብኩም።»

«ያልተመዘገበ አይገባም» አለና በሩ ላይ በከሰል አንድ መስመር አሰመረ። «አንድ።»

ሰው ሳቀ። የመቀመጫ ሹም ባልደረባቸው መዋረዱ ደስ ብሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ካባቸውን ሰብስበው ብቅ አሉ። «እኔ አዋቂ ነኝና ላስረዳህ። እኔ የምገባው ለመመዝገብ ነው። መዝገቡ የት ነው?»

«ውስጥ።»

«አየህ? እንግዲያው ልግባ።»

«ያልተመዘገበ አይገባም። ሁለት።»

አሁን የሳቀው ሰው ጥቂት ነው። እኔ አልሳቅሁም። ወደ መድረኩ ሮጬ «ውስጥ የቀረው ማን ነው?» አልኩ።

የጥላ ሹም ወደ መቀመጫው ሹም አዩ። «እርስዎ ይቀራሉ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ? መድረክ ላይ የኔ ቦታ ባዶ ሆኖ ሊታይ? እኔ እርስዎ ይቀራሉ ብዬ ነው እንጂ።»

ሁለቱም ወደ ማኅተም አባት ዞሩ። የማኅተም አባት አጥንት እየጋጡ ነበር። «እኔ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ ብዬ፣ ስትጣሉ ለማተም ነው የወጣሁት» አሉ።

ያን ጊዜ ከካቡ ወዲያ ልቅሶ ተሰማ። ቀጭን ነው፣ የሚቆራረጥ። ትርንጎ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ሚጡ ነቃች» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ሮጬ ክንዷን ያዝኩ።

«እንዳትጠይቂው። ሦስተኛ ነሽ። ከሳትሽ ድንጋዩ ይወርዳል።»

«ይውረድ።»

«ሦስት ቀን ነው፣ ትርንጎ።»

ቆመች። ልቅሶው ሲበረታ ቀሚሷ ደረቷ ላይ እርጥብ ሆኖ ይታየኝ ነበር። «በካቡ ልውጣ» አለች። ካቡ ላይ እግር የሚረግጥበት ሽንቁር አልነበረም። ማን እንደደፈነው ታውቃለች፤ አልነገረችኝም፤ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንድ ወንዶች ስንሻውን እንያዘውና ቁልፉን እንቀማው አሉ። ስንሻው ሰምቷል። የድንጋዩን ገመድ በእጁ ጠቀለለና «የቀረበኝ ሰው ሦስተኛ ነው» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ያስማልኩትን ነበር የሚሠራው።

ሹማምንቱ በችግር ጊዜ እንደሚያደርጉት ተሰበሰቡ። የማኅተም አባት ደንቡን አስነበቡ፤ ሁለት ጊዜ አስነበቡ፤ ከዚያ አጥንታቸውን አስቀመጡ። «በሩ ሲዘጋ ውስጥ የተገኘ ሰው አንደኛ ይሆናል። ውስጥ የተገኘችው ማን ናት?» ሁላችንም ለልቅሶው ጆሮ ሰጠን። «እንግዲህ» አሉ የማኅተም አባት፣ «አንደኛችን እየጠሩን ነው።»

ደብዳቤ ተጻፈ። የመቀመጫ ሹም በካቡ ሥር ቆመው ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡት፦ ክብርት አንደኛ ሆይ፣ እኛ ሎሌዎችዎ ውጪ ቀርተናልና፣ የመቀመጫ ሹምን ያውቋቸው እንደሆነ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሚጡ ይበልጥ አለቀሰች። የማኅተም አባት «በልቅሶ መልሰዋል» ብለው አተሙ።

«ልቅሶው አውቃቸዋለሁ ነው፣ አላውቃቸውም?» አሉ የጥላ ሹም።

«ለኔ እንደመሰለኝ በሚገባ ያውቋቸዋል» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ትርንጎ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተንበረከክሁ። አሥራ ሰባት በር ላይ የተማርኩትን ሁሉ አገላበጥኩ፤ አንዱም ስለ ሦስት ወር ልጅ አያወራም። «አንቺ ግቢ ውስጥ ሆነሽ እሷ ቤት ስታለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«እጠራታለሁ።»

«ስም የላትም እኮ። ምን ብለሽ?»

አላየችኝም። «የሆነ ነገር እላታለሁ። ቃል አይደለም። የኔና የሷ ነው።»

«ሌላ የሚያውቀው አለ?»

«አባቷም አያውቀውም።»

ተነስቼ ወደ ስንሻው ሄድኩ፤ ከገመዱ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። «አያ ስንሻው፣ አንደኛዋ ይህቺን ሴት ካወቀቻት ታስገባታለህ?»

«ደንቡ ነው። ግን ማወቋን በምን አውቃለሁ?»

«ስትጠራት ዝም ካለች።»

አሰበ። እሱ ሲያስብ ሌላው ሰው ያረጃል። «ለማንም ዝም የምትል ከሆነች ምስክርነቷ አይረባም» አለ። «ደክሟት ዝም ብትልም አይረባም። ከሳተች ሦስተኛ ነው። እነግርሻለሁ፣ ገመዱን እስባለሁ።»

ለትርንጎ ነገርኳት። ተነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ሕዝቡን አየች። «ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ አልልም» አለች። «አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ምስጢርን ለሰው ማሰማት እንደ ደብተሩ ሚስማር ላይ መስቀል ነው ያልሽው?»

ብያለሁ። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረና ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። ሹማምንቱም ደፈኑ፤ የመቀመጫ ሹም ማን ቀድሞ እንደሚደፍን ለመወሰን ጥቂት ዘገዩ። እኔም ደፈንኩ። የምሰማው የገዛ ደሜን ብቻ ነበር። ክፍት ጆሮ የነበረው ስንሻው ብቻ ነው፤ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ኋላ እንደነገረኝ ልጅቷ ወዲያው ዝም አለች። እሱ ግን ለትርንጎ በእጁ አቁሚ አላት። ልቅሶው ተመለሰ። ያን ጊዜ የጥላ ሹምን ትከሻ ነካ አድርጎ ጆሯቸውን አስከፈተና «እርስዎ ይጥሯት» አላቸው። ሰውዬው በተፈጥሯቸው ጣፋጭ ድምፅ አላቸው፤ በጣፋጭ ድምፃቸው ጠሯት። ጩኸቱ ጣቴን አልፎ ጆሮዬ ገባ። የጥላ ሹም ፊታቸው ቀላ፤ ተመልሰው ጆሯቸውን ደፈኑ። ትርንጎ አንድ ጊዜ ደግማ ጠራቻት።

ሰው ሁሉ ሲዞር እኔም ዞርኩ። ጸጥታ ነበር። ስንሻው ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሎ፣ ገመዱን እንደያዘ፣ ቆሟል። ቆየ። ከዚያ ገመዱን ከእጁ ፈታ።

«ታውቅሻለች» አለ። «ግቢ።»

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። ትርንጎ በጠባቡ ክፍተት ገባች፤ በሩ ወዲያው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ከካቡ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የመቀመጫ ሹም «ቢፋጠን ምን አለበት?» ብለው አጉረመረሙ። አንዲት አሮጊት «አንደኛ ጡት እየጠቡ ነው፣ ሲጨርሱ ይቀበሉዎታል» አሏቸው።

ትርንጎ ሚጡን ታቅፋ ከበሩ ጀርባ መጥታ ተቀመጠች። ስንሻው የእያንዳንዱን ሰው ስም ወደ ውስጥ ይጠራል፤ እሷ ታውቀው እንደሆነ ትመልሳለች። ሰውን በምን እንደምታውቀው እንድትናገር ደግሞ ደንቡ ያዛል፤ ስንሻውም ባለቤቱን «እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ቀን ምን ያህል እንደምታውቅ ተገለጠ።

«ቋጣሪውን ታውቂያለሽ?»

«ዶሮዬን በድንጋይ መትቶ ንስር ነው ያለኝ ነው።»

«እውነት ነው?»

«... እውነት ነው።»

«ግባ።»

«የመቀመጫ ሹምን?»

«ባለፈው ዝናብ ጊዜ በርጩማዬን ለስብሰባ ብለው ወስደው የቀሩ ናቸው።»

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሕዝቡ ጠበቀ። «እውነት ነው» አሉ።

የጥላ ሹም በሷ ዋርካ ሥር እንዳትቀመጥ መከልከላቸውን አመኑ። አራት ባሎችና ስድስት ሚስቶች ሌላ ሌላ ነገር አመኑ፤ እሱን አልጽፍም። የገቡት ሁሉ በተራቸው ምስክር መሆን ይችሉ ነበር፤ ግን በሩ ሥር የቆመ የለም፤ አፍረው ቶሎ ቶሎ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ወደ ኋላ እያልኩ ሌላውን አስቀደምኩ፤ በመጨረሻ ከስንሻው ጋር ሁለታችን ቀረን።

«ማንጠግቦሽን ታውቂያታለሽ?» ብሎ ጠራ።

ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፤ የሕፃኗም።

«ልጅሽን ተያት ያለችኝ ናት።»

ስንሻው ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

እኔ አራት ወር ሙሉ ለከተማው ደንቡ እንከን የለውም ስል የኖርኩ ነኝ። ለባለ ካባዎቹም ነግሬአቸዋለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የነገርኳቸው።

«እውነት ነው» አልኩ።

«ግቢ» አለች ትርንጎ ከውስጥ።

ስንሻው ብቻውን ውጪ ቀረ። የሱን ምስክርነት ትርንጎ ያለ ማንገራገር ሰጠች። ከዚያም ራሱን «እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ከመመለሱ በፊት ጥቂት እንዳመነታ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን የመጀመሪያው ገመድ የሚጡ ነው። ቃል ስለሌላት ቋጣሪው ባዶ ገመድ ሰቀለላት። ደንብ የሚለወጠው በአንደኛ ፈቃድ በመሆኑ ሹማምንቱ አዲስ ሐሳብ ሲኖራቸው ካባ ለብሰው ትርንጎ ቤት ይሄዳሉ፤ እሷ ዘንቢሏን እየሰፋች ታዳምጣለች፤ እነሱ በልጅቷ ፊት ያነብባሉ። ካለቀሰች ይወድቃል። ካልነቃች ይጸድቃል። ሕዝቡ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በእንስራ ውስጥ እየነከረ ስላስቸገረ ቅጠል ውሃ አይጠጣ የሚል ደንብ ተነበበ፤ ተኝታ ነበር፤ ጸደቀ። ምስጢር ቃሉ ላይ ወንዝ ይጨመርበት የሚል ተነበበ፤ ገጹ ሳያልቅ አለቀሰች። ከሷ በፊት የነበሩን ዳኞች ይህን ያህል አስተዋይ አልነበሩም።

እኔም አንድ ደንብ ጻፍኩ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ። «በሩ ከመዘጋቱ በፊት ስሙ የታወቀ፣ አፉን የፈታ አንድ ሰው ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ።» የማኅተም አባትን አስከትዬ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ዓመቱ ዞሮ ሚጡ ቆማ ትሄድ ነበር፤ አባቷም ተመልሶ ስም አውጥቶላታል፤ ማንም ግን አይጠራትም በሱ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እምቢ» አለች።

ትርንጎ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ማንጠግቦሽ፣ አትቀየሚያት። አሁን የምታውቀው እሱን ብቻ ነው። ገንፎ ስሰጣትም እንዲሁ ነው የምትለው።»

«ቢሆንም አፏን ፈትታለች» አሉ የማኅተም አባት፤ ወረቀቴን ከእጄ ወሰዱና ውድቅ ብለው አተሙ። ደግመን እንዳናነብላት ደግሞ አንድ ደንብ ሁለት ጊዜ አይነበብም የሚል አለ። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ሜዳው ላይ በዓል ሲሆን ከተማው ሁሉ ነቅሎ ይወጣል፤ ማንም ማን እንደቀረ አይጠይቅም። ትርንጎ ሚጡን አዝላ ትወጣለች። እኔ አልወጣም። ከበሩ በስተውስጥ በምትገኘው የገመድ ክፍል ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ከበሮውን እሰማለሁ፤ የሥጋው ሽታ ነፋሱ ካመጣው ይደርሰኛል። ስንሻው በየጊዜው በሩን ይመታና «ውስጥ ሰው አለ?» ይላል።

«አለ» እለዋለሁ።

«ማን?» ይላል፤ ድምፄን ያውቀዋል፤ ግን ይጠይቃል።

እነግረዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይገፋልኛል፤ ሥጋ ነው፣ አንዳንዴም ዳቦ። ማን እንደላከው አይናገርም። ስከፍተው ጥቅሉ በዘንቢል አለላ ታስሯል።